ሃያውን ጥያቄ ለፈተና ያስጠናሁ እናት

ልጄ 14 ዓመት ሲሞላት ክፍሏን ዘግታ መዋል ጀመረች። የትምህርት ቤቷ አማካሪ አንድ ወረቀት ሰጡኝ፤ ስለ ቤተሰብ 20 ጥያቄዎች የያዘ። ወላጆችሽ እንዴት ተዋወቁ? አያቶችሽ የት አደጉ? ያዘጋጁት በአሜሪካ የኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ማርሻል ዱክ እና ሮቢን ፊቩሽ ናቸው። መልሱን በብዛት የሚያውቁ ልጆች ለራሳቸው የሚሰጡት ግምት ከፍ ያለ ሆኖ አግኝተውታል። “ያስጠኗት” አሉኝ አማካሪው። እኔም አስጠናኋት።

በአንድ ቅዳሜ ጨረስን። የመጨረሻው ጥያቄ ቀልድ ነው፤ ፈገግ ባለማለቱ ፊቱ እንደተኮሳተረ የቀረ ዘመድ ታውቂያለሽ ይላል። “አዎ፣ አንቺ” አለችኝ። ተቆጣሁ። ተመራማሪዎቹ ከጠየቋቸው ልጆች 15 በመቶው “አዎ” ማለታቸውን ያነበብሁት በኋላ ነው።

የተበላሸው ግን የአባቴ ታሪክ ላይ ነው። “አያትሽ ከባዶ ተነሥቶ ነጋዴ ሆነ፣ ሲደክመው ንግዱን ተወው” አልኋት። ውሸቴን ነበር። አባቴ ለጓደኛው ብድር ዋስ ሆኖ ያለውን ሁሉ አጥቷል። ዓመት ሙሉ መስኮት ሥር ተቀምጦ ሰው አላነጋገረም። ከዚያ በሰው መጋዘን ዕቃ ቆጣሪ ሆኖ ተቀጠረ። ይህን ሁሉ ልጄ የሰማችው ከእህቴ ነው። ማታ ልብስ ሳጣጥፍ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። በሒሳብ መውደቋን ለሁለት ወር ደብቃኝ ኖሯል።

“እማዬ፣ እዚህ ቤት ወድቄ የማውቀው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።”

እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ተመራማሪዎቹ እኮ ተናግረዋል፦ የቤተሰብ ታሪክ ሽቅብ ብቻ የሚወጣ፣ ቁልቁል ብቻ የሚወርድ ወይም ወድቆ የሚነሣ ነው፤ ለልጅ ብርታት የሚሆነው ሦስተኛው ነው። ዱክ መልሱን መሸምደድ በራሱ እንደማይፈይድ፣ ቁም ነገሩ ታሪኩ የሚነገርበት አብሮነት መሆኑን ጽፈዋል። አማካሪው እዚያ ድረስ አላነበቡም። እኔስ ማን ከለከለኝ?

ስለዚህ ወረቀቱን ጣሉት። አማካሪው “ለቤተሰብ ታሪክ ቋሚ ሰዓት መድቡ” ይላሉ፤ እኔ አትመድቡ እላለሁ። ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚተረክ ታሪክ በዚህ ዕድሜ ላለ ልጅ የፖሊስ ምርመራ ነው። እጃችሁ ሥራ ይያዝ፣ ዐይናችሁ ሌላ ቦታ ይሁን። “ከዚህ ምን ተማርሽ?” የምትል ጥያቄ ከአፋችሁ እንዳትወጣ፤ እኔ ሁለቴ አምልጣኝ ሁለቴም ልጄ ተነሥታ ሄዳለች። ውርደቱንም ንገሩ። ልጅ የማይችለው ጉዳይ ካለ ጊዜው እስኪደርስ ዝም ማለት ይቻላል፤ በውሸት መተካት ግን አይቻልም።

በዚያ ማታ እውነቱን ነገርኋት። አንሶላውን በአንድ ጫፍ ይዛልኝ እያጠፍን፣ “አያቴ ከመስኮቱ ሥር የተነሣ ቀን ምን ተፈጠረ?” አለችኝ። አላውቅም ነበር። ስልኬን አንሥታ አክስቷ ዘንድ ደወለች።