ድንጋይ ይዘን የዋልንበት ቅዳሜ

ዛሬ የትምህርት ቤቶች የጂኦሎጂ ውድድር ስናካሂድ ዋልን። ድምፄ ጠፍቷል፣ ግን ደስ ብሎኛል።

ጠረጴዛው ላይ ድንጋይ፣ ማጉያ መነፅር፣ ውሃና ኮምጣጤ። በቃ። የኖራ ድንጋይ ጫር ተደርጎ ኮምጣጤ ጠብ ሲልበት አረፋ ያወጣል፤ ባዛልት፣ ያ ከላቫ የሚፈጠረው ጥቁር ድንጋይ፣ ዝም ነው። ፑሚስ የሚባለው ቀላል ድንጋይ ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ደግሞ አዳራሹ በጩኸት ተናጋ! እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የታፈነው ጋዝ ቀዳዳ በቀዳዳ ስለሚያደርገው ነው የማይሰምጠው።

በጣም ያከራከረው ባልጩት ነበር። አንዱ ቡድን «የተሰበረ ጠርሙስ ነው» ብሎ ሙጭጭ አለ። እውነት ለመናገር ብዙም አልራቁም። ባልጩት ላቫ (ከእሳተ ገሞራ የሚፈስ የቀለጠ ድንጋይ) ክሪስታል ለመሥራት ጊዜ ሳያገኝ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ የሚፈጠር የተፈጥሮ መስታወት ነው። ግማሽ ነጥብ ይሰጣቸው አልኩ። አንዱ ዳኛ አኮረፈ፤ ያኩርፍ! መልካ ቁንጥሬ አካባቢ የጥንት ሰዎች ከሚሊዮን ዓመት በፊት መሣሪያ የሠሩበት ድንጋይ እኮ ነው።

በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ እሳተ ገሞራ አካባቢ ስለተከሰተው የመሬት መንቀጥቀጥ ስንጠይቅ ግን ሁሉም እጁን አወጣ። አዲስ አበባ ድረስ አልጋቸውን የነቀነቀውን ማን ይረሳል? ማግማ (ከመሬት በታች ያለ የቀለጠ ድንጋይ) ከሥር ሲገፋ እንደነበር አንዷ ልጅ በእጆቿ እያሳየች አስረዳችን።

ቀጣዩ ዙር መስክ ላይ ነው። ትርፍ መዶሻ ያላችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ።