ቀረፋ የወረሰው ተራራ

እኛ ቀረፋን የምናውቀው ደርቆና ተጠቅልሎ፣ ሻይ ውስጥ ነው። በሲሸልስ ትልቋ ደሴት ማሄ ላይ ግን ጫካው ራሱ ቀረፋ ነው። ወደ ኮፖሊያ ተራራ ጫፍ በሚያወጣው የእግር መንገድ ግራ ቀኙን እሱ ይዞታል። ለጋ ቅጠሉ ቀይ ስለሆነ ከሩቅ አበባ ይመስላል። በጠናው ቅጠል ላይ ደግሞ ከሥሩ ተነስተው ወደ ጫፉ የሚሄዱ ሦስት ጅማቶች ጎልተው ይታያሉ። አንዱን ቀጥፌ አሸት አሸት አደረግኩት። የሸተተኝ ቅርንፉድ ነው! ቀረፋ ቀረፋ የሚለው ልጡ ብቻ ነው።

ዛፉ የደሴቷ ተወላጅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1772 ፈረንሳዮች የሆላንዶችን የቅመም ንግድ ለመስበር አንስ ሮያል በሚባል ቦታ የቅመም ተክል አለሙ። በ1780 አንድ መርከብ ብቅ ሲል እንግሊዞች መጡብን ብለው አትክልቱን በእሳት አጋዩት። መርከቡ የራሳቸው የፈረንሳይ ሆኖ ተገኘ። ቀረፋው ግን በእሳቱ አልጠፋም፤ ወፎች ፍሬውን እየበሉ ዘሩን ወደ ተራራው አደረሱት። ሰው ነባሩን ደን ለእንጨት ሲጨፈጭፍ፣ የተራቆተውን መሬት እሱ ሞላው።

ታዲያ ነቅሎ መጣል ነው የሚል አይጠፋም። የባሕር ዛፍ ክርክር ለለመድን ለእኛ ነገሩ አዲስ አይሆንም። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ቅባት የበዛበትን ጥቁር ፍሬውን የደሴቷ ወፎችና የሌሊት ወፎች ዛሬ ይመገቡታል። ጥላው በአንዴ ቢነሳ ደግሞ እንደ ብራዚሉ ዘይቱን ያሉ ሌሎች መጤዎች ብርሃኑን ይሻሙበታል። ችግሩ ሥሩ ላይ ነው፤ ከአፈሩ ወለል በታች ጥቅጥቅ ብሎ ስለሚዘረጋ ለነባሮቹ ችግኞች ፋታ አይሰጥም።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ጫካው አበቃና ራቁቱን የቆመ ግራናይት ሆነ። አፈሩ ስስ ስለሆነ መጤዎቹ እዚህ ይደክማሉ። በአለቱ መሀል ቅጠሉ ጫፍ ላይ ክዳን ያላት ትንሽ እንሥራ የመሰለ ነገር የሚያንጠለጥል፣ ነፍሳት እያጠመደ የሚኖር ተክል አየሁ። ከሲሸልስ በቀር የትም አይገኝም። ጎንበስ ብዬ ወደ አንዷ ውስጥ ተመለከትኩ፤ የሞቱ ጉንዳኖች በውሃው ላይ ተንሳፈዋል።

አጠገቡ ካለ ስንጥቅ አንድ ቀይ የቀረፋ ችግኝ ብቅ ብሏል። ለእኔ ሥራው መጀመር ያለበት ከዚህ ነው። የታችኛውን ጫካ ትንንሽ ክፍተት እየከፈቱ፣ ነባር ዛፎችን እየተከሉ በዓመታት ቀስ ብሎ መለወጥ ይቻላል። አለቱ ላይ የበቀለው ግን ሥር ሳይሰድ መነቀል አለበት።