አጎቴ ለጠየቀኝ ጥያቄ

አጎቴ በፓርኪንሰን መያዙ ከታወቀ ወዲህ ቡናው የሚቀዳለት እስከ ሲኒው ወገብ ድረስ ብቻ ነው። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ ባረፈ ቁጥር አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ እንክብል እንደሚያድቦለቡል ሰው እርስ በርስ ይተሻሻሉ፤ ሲኒውን ሊያነሣ ሲዘረጋው ግን መንቀጥቀጡ ለአፍታ ጋብ ይላል። ባለፈው እሑድ «ልጄ፣ ለመሆኑ ውስጤ ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ያን ዕለት በቅጡ አልመለስሁለትም።

እንቅስቃሴን ለማቀናጀት የሚያስፈልገውን ዶፓሚን የተባለ ኬሚካል የሚያመነጩ የአንጎል ሕዋሳት እየሞቱ ነው፤ በውስጣቸውም አልፋ ሳይኑክሊን የተባለው ፕሮቲን ቅርጹን ስቶ፣ ተጓጉሎ ይገኛል። እንዲህ ያለውን ብልሽት ከሚያስወግዱት አንዱ፣ ክርስቲያን ደ ዱቭ በ1955 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ያስተዋወቁት ላይሶሶም ነው፤ አሲድና ኢንዛይም (ነገሮችን የሚሰባብር ፕሮቲን) የያዘው ይህ ጥቃቅን ከረጢት ያረጀውን ፈጭቶ ጥሬ ዕቃውን ለሕዋሱ ይመልሳል። የቆዳ ሕዋስ ቢበላሽ ረግፎ በሌላ ይተካል፤ የነርቭ ሕዋስ ግን አይከፋፈልምና ያላስወገደውን ይዞ ያረጃል።

የላይሶሶም ድክመት ከፓርኪንሰን ጋር መያያዙን እኔን ከሁሉ ይበልጥ ያሳመነኝ የጂቢኤ1 ዘረ መል ጉዳይ ነው። አንድ የላይሶሶም ኢንዛይም የሚሠራው በዚህ ዘረ መል መመሪያ ሲሆን፣ ከእናትም ከአባትም ተበላሽቶ ሲወረስ ጎሼ የተባለውን በሽታ ያስከትላል፤ ከአንዱ ወላጅ ብቻ ሲወረስ ደግሞ፣ አብዛኞቹ ተሸካሚዎች በፓርኪንሰን ሳይያዙ ቢኖሩም፣ የመያዝን ዕድል ከፍ ያደርጋል።

ላይሶሶሙ ሲደክም ቆሻሻው የት ይሄዳል? ሕዋሳት ኤክሶሶም በሚባሉ እጅግ ደቃቅ ከረጢቶች እያሸጉ ወደ ውጭ ይልኩታል። እነዚህ ከረጢቶች በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በሚጎለምሱ የቀይ ደም ሕዋሳት ላይ ሲታዩ እንደ ቆሻሻ መጣያ ብቻ ተቆጥረው ነበር፤ ኋላ ግን በሕዋሳት መካከል መልእክት እንደሚያደርሱ ታወቀ። አስጨናቂው ነገር ጥራጊውም መልእክቱም በአንድ ዕቃ መጓዛቸው ነው፤ በላቦራቶሪ የላይሶሶም ሥራ ሲታገድ በኤክሶሶም የሚወጣው አልፋ ሳይኑክሊን ይጨምራል፣ ጎረቤት ሕዋስም ይቀበለዋል። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጡ ጥናቶች፣ ከዐሥር ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ለሕሙማን በተተከሉ ወጣት የነርቭ ሕዋሳት ውስጥ ያው ጓል መገኘቱን አሳይተዋል። ጓሉ ከሕዋስ ወደ ሕዋስ ለመተላለፉ ከረጢቶቹ አንዱ መንገድ እንጂ ብቸኛው አይደሉም።

አክታ የሚያቀጥነው አምብሮክሶል የተባለው መድኃኒት በጂቢኤ1 መመሪያ የሚሠራውን ኢንዛይም ሥራ ስለሚያግዝ በፓርኪንሰን ሕሙማን ላይ እየተፈተነ ነው። ይህን ስነግረው አጎቴ ከፋርማሲ እንድገዛለት ጠየቀኝ። በሙከራው የሚሰጠው መጠን ለሳል ከሚታዘዘው ብዙ እጥፍ መሆኑን አስረድቼ፣ ሐኪሙን በሚቀጥለው ቀጠሮ አብረን ልንጠይቅ ተስማማን።