ከክረምቱ ድራማዎች «ቼርኖቢል»ን የሚስተካከል አላገኘሁም
የ«ቼርኖቢል»ን 5ኛና የመጨረሻ ክፍል ዛሬ ጨረስኩ። በዚህ ክረምት ካየኋቸው ተከታታይ ድራማዎች አንደኛ ነው። የአሜሪካው ቴሌቪዥን ጣቢያ ኤችቢኦ እ.ኤ.አ. በ2019 ያቀረበው ሲሆን፣ 5 ክፍል ብቻ ስለሆነ ያለአግባብ አልተለጠጠም።

ትልቁ ጥንካሬው እ.ኤ.አ. በ1986 በሶቪየት ዩክሬን በቼርኖቢል የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ የደረሰው ፍንዳታ ምክንያቱ ለማንም እንዲገባ ማድረጉ ነው። በችሎቱ ትዕይንት ቀይና ሰማያዊ ሰሌዳዎች ይደረደራሉ፤ ቀዩ የኒውክሌር ምላሹን የሚያፋጥነው፣ ሰማያዊው የሚገታው ነው። ማብለያው (የኒውክሌር ምላሹ የሚካሄድበት ክፍል) ለረጅም ሰዓት በዝቅተኛ ኃይል ሲሠራ ምላሹን የሚገታው ዜኖን የተባለ ጋዝ ተጠራቅሞ አዳፈነው። ኃይሉን ለመመለስ ምላሹን የሚገቱት የመቆጣጠሪያ ዘንጎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ወጡ። በመጨረሻ የአደጋ ጊዜ ማጥፊያው ቁልፍ ሲጫን፣ ተመልሰው የሚገቡት ዘንጎች ጫፍ ምላሹን የሚያፋጥን ግራፋይት (የካርቦን ዓይነት) ስለነበር ኃይሉን ከመቀነስ ይልቅ መጀመሪያ ጨመሩት። ማዳኛው ራሱ አቀጣጠለው! እንዲህ ያለ ከባድ ፊዚክስ እያስረዳ ልብ የሚያንጠለጥል ድራማ ሌላ አላየሁም።

ሁሉንም ግን እንደ ታሪክ አትውሰዱት። ሳይንቲስቷ ኡላና ኾሙክ ብዙ ተመራማሪዎችን እንድትወክል የተፈጠረች ገጸ ባሕርይ ናት። በድራማው ሰሌዳዎቹን እየደረደረ የሚያስረዳው ሳይንቲስት ሌጋሶቭ በእውነተኛው ችሎት አልተገኘም። በ2ኛው ክፍል የምትወድቀው ሄሊኮፕተርም በእውኑ የወደቀችው ከወራት በኋላ ነው።

4ኛው ክፍል ውሾች የሚገደሉበት ስለሆነ ከልጆች ጋር አትዩት።