ቦርሳው ቢጠፋስ?

ተራራ ልውጣ፣ ጫካ ልግባ የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ቦርሳው ነው። ስንት ሊትር ይይዛል፣ ዝናብ ያስገባል ወይ፣ ትከሻ ይቆርጣል ወይ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ቦርሳው አሁን ከእጃችሁ ቢወጣ ምን ይቀራችኋል?

ይወጣል ደግሞ። ወንዝ ስትሻገሩ የወገብና የደረት ማሰሪያውን ፍቱ የሚባለው ውሃው ከጣላችሁ ቦርሳውን ቶሎ አውልቃችሁ እንድትተርፉ ነው። እናንተ ትወጣላችሁ፣ ዕቃው ይሄዳል። ሌላው በጣም ተራ ነገር ነው። አንዱ ለሽንት ዞር ልበል ብሎ ቦርሳውን ዛፍ ስር ያስቀምጣል፣ ጉም ይወርዳል ወይ ይመሻል፣ ከዚያ ዛፉ ሁሉ አንድ ይሆንበታል።

ስለዚህ ነፍስ የሚያቆየው ነገር ሰውነት ላይ ይሁን። ዚፕ ባለው የሱሪ ኪስ ወይም ወገብ ላይ በሚታሰር ትንሽ ቦርሳ። የጃኬት ኪስን ብዙም አላምነውም፤ ሲሞቃችሁ ታወልቁትና ተመልሶ ቦርሳ ውስጥ ይገባል።

ምን ይያዝ? ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ምግብ ነው። ጤነኛ ሰው ግን ያለ ምግብ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ቀድሞ የሚገድለው ብርድ ነው፣ በተለይ ከእርጥበትና ከነፋስ ጋር፣ በረዶ ባይኖርም እንኳ። የውስጥ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ ጣት አልታዘዝ ይላል፣ ሐሳብም ይዛባል፣ ያኔ ቦርሳው አጠገባችሁ ቢሆን እንኳ ዚፑን መክፈት ያቅታል። እና መጀመሪያ የምለው ትልቅ የቆሻሻ ላስቲክና ታጥፎ መዳፍ የሚያህለው የሚያብረቀርቅ የድንገተኛ ጊዜ ብርድ ልብስ ነው። ላስቲኩን ስትለብሱት ለፊት የሚሆን ሰፊ ቀዳዳ ቅደዱለት፣ አየር ያስፈልጋችኋል። መሬት ላይም ዝም ብላችሁ አትቀመጡ፤ ደረቅ ቅጠል ወፍራም አድርጋችሁ አንጥፉ።

ከዚያ እሳት። ላይተር ጥሩ ነው፣ ግን ውስጡ ያለው ቡቴን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ወደ ጋዝነት መቀየሩን ስለሚያቆም በብርድ እምቢ ይላል። ገላ አጠገብ ከተያዘ ይሠራል፤ ሰውነት ላይ የሚያዝበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ፌሮ ሮድ የሚባለው፣ ሲፋቅ ፍንጣሪ የሚረጨው ትንሽ ዘንግ ግን ረጥቦም ብርድ መትቶትም ይሠራል። ሁለቱንም ያዙ። ሰንጢና ትንሽ የእጅ ባትሪ ጨምሩ።

ፊሽካን ግን ማንም አይናቀው። ድምፅ በጩኸት ቶሎ ይዘጋል፣ ፊሽካ ግን ትንፋሽ እስካለ ይነፋል። ሦስት ጊዜ መንፋት፣ ፋታ፣ እንደገና ሦስት፤ ይህ ብዙ ቦታ የሚታወቅ የድረሱልኝ ምልክት ነው። አንገት ላይ ካንጠለጠላችሁት ክሩ ሲሳብ የሚበጠስ ይሁን፣ ቅርንጫፍ ከያዘው ያንቃል።

ስልክም በውስጥ ኪስ፣ ምክንያቱም ብርድ ባትሪውን ይጨርሰዋል። ኔትወርክ በሌለበት ሲፈልግ ስለሚያልቅም ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። የራሳችሁ ኔትወርክ ባይኖርም የድንገተኛ ጥሪ በሌላ ኩባንያ ኔትወርክ ሊሄድ ስለሚችል ሳትሞክሩ ተስፋ አትቁረጡ።

ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ ፊሽካው በእናንተ ኪስ አይሁን። ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ስጧቸው፣ ከመነሳታችሁ በፊትም "ካጣችሁን ካላችሁበት አትንቀሳቀሱ፣ ቆማችሁ ንፉ" ብላችሁ አስጠኗቸው።