አራት ሰዓት ላይ የሙዚቃ መምህር አይግባ

በሞንቴሶሪ ዘዴ፣ ማለትም ልጁ ሥራውን ከመደርደሪያ ራሱ መርጦ በሚማርበት አንደኛ ደረጃ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሙሉ የማይቆራረጥ የሥራ ጊዜ አለ። ከ2:30 እስከ 5:30 እንበለው። ልጆቹ ሲገቡ ቀለል ያለ ሥራ ያነሳሉ፣ ይጨርሳሉ፣ ይመልሳሉ። አራት ሰዓት ሲሆን ክፍሉ ይንጫጫል፤ አንዱ ይዞራል፣ ሌላዋ መስኮት ላይ ትቆማለች። የዘዴው መሥራች ማሪያ ሞንቴሶሪ ይህን ሐሰተኛ ድካም ብለውታል። መምህሩ ታግሶ አሥር ደቂቃ ያህል ከጠበቀ፣ ልጆቹ የዕለቱን ከባድ ሥራ የሚይዙት ከዚያ በኋላ ነው።

ሙዚቃው፣ እንግሊዝኛውና ስፖርቱ በፕሮግራም የሚሰካው ግን ብዙ ጊዜ እዚችው ሰዓት ላይ ነው። «ደክሟቸዋል፣ ትንሽ ይቀይሩ» ተብሎ ይታሰባል። አርባ ደቂቃ ቆይተው ሲመለሱ የቀረው ሰዓት ከባድ ሥራ ለመጀመር ስለማያበቃ ቀለም ቅብ ይዘው ይቀመጣሉ። ጥፋቱ የሙዚቃው አይደለም፤ የሰዓቱ ነው። የጋራ መዝሙርና ጨዋታ ከምሳ በኋላ ይሁን። ስፖርትን ግን መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የባሕር ዳር የከሰዓት ፀሐይ ስለማያስችል ከ2:30 በፊት ማድረግ ይሻላል። የቀረው ተጓዳኝ ትምህርት ሁሉ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ መሣሪያ ሊሆን ይገባል፤ ባለሙያውም ልጆቹን ከክፍል አውጥቶ ከመውሰድ ይልቅ ገብቶ ምንጣፍ ላይ ከሦስትና አራት ልጆች ጋር ይቀመጥ።

ሙዚቃን እንውሰድ። የሞንቴሶሪ ደወሎች ሁለት ረድፍ ናቸው፤ በየረድፉ 13። አንዱ ረድፍ ነጭና ጥቁር መቆሚያ ያለው ሆኖ ቦታውን አይለቅም፤ ሌላው ቡናማ መቆሚያ ያለው ሆኖ ልጁ እያነሳ ድምፁን ከመጀመሪያው ጋር ያዛምዳል። ችግሩ ከውጭ የሚመጡና ውድ መሆናቸው ነው። ለትልልቆቹ ልጆች ግን ብረታ ብረት ቤት የሚቆረጥ ክብ ቱቦላሬ ይበቃል።

ሁለቱም ጫፉ ሳይያዝ የሚመታ ቱቦ የድምፁ ከፍታ በርዝመቱ ካሬ ተገላቢጦሽ ይቀየራል፤ ቱቦው ሲያጥር ድምፁ ይቀጥናል። ስለዚህ አንድ ግማሽ ድምፅ (ከአንዱ ደወል እስከ ቀጣዩ ያለውን እርከን) ለመውጣት የቀደመውን ርዝመት በ0.9715 ማባዛት ነው። ከ40 ሴንቲ ሜትር ብንነሳ 13ቱ እንዲህ ይሆናሉ፦ 40፣ 38.9፣ 37.8፣ 36.7፣ 35.6፣ 34.6፣ 33.6፣ 32.7፣ 31.7፣ 30.8፣ 30፣ 29.1፣ 28.3። ድምሩ 4.4 ሜትር ገደማ ስለሆነ ባለ 6 ሜትር አንድ ዘንግ ይበቃል። ሁሉም ከአንድ ዘንግ ይቆረጥ፤ ውፍረቱ ከተለያየ ስሌቱ አይሠራም። በሁለት ቱቦ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ የ3 ሚሊ ሜትር ስህተት ጆሮ ላይ በደንብ ይሰማል። ስለዚህ እያንዳንዱን 2 ሚሊ ሜትር አስረዝማችሁ ቁረጡና በስልክ የድምፅ መቃኛ እያያችሁ በሞረድ አሳጥሩት። አልፎ ያጠረ ቱቦ አይጣልም፤ ለሚቀጥለው ቁጥር ይሆናል።

ቱቦው የሚያርፈው ከየጫፉ ከርዝመቱ 22.4 በመቶ ላይ ነው፤ ለ40ው 9 ሴንቲ ሜትር፣ ለ28.3ው 6.3። እዚያ ላይ ብረቱ ስለማይርገበገብ ስፖንጅ ወይም ገመድ ቢነካውም ድምፁ አይታፈንም። ጫፉ ላይ ከደገፋችሁት ግን «ቋ» ብሎ ይሞታል። መምቻው ላስቲክ የተጠቀለለበት እንጨት ይሁን፤ መሃሉን አንዴ ብቻ መምታት፣ ከዚያ ድምፁ እስኪያልቅ መስማት። ይህ መስማት የትምህርቱ ግማሽ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ነገር እኔን በጣም የሚያስደስተኝ ነው። ቱቦዎቹን ከ1 እስከ 13 ቁጠሩና ልጁ አምስቱን እንዲያወጣ ካርድ ስጡት። 1፣ 3፣ 5፣ 8፣ 10 ትዝታ ነው። 1፣ 5፣ 6፣ 8፣ 12 ባቲ። 1፣ 2፣ 6፣ 8፣ 9 አምባሰል። 1፣ 2፣ 6፣ 7፣ 10 አንቺ ሆዬ። አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚለያዩት በሁለት ቱቦ ብቻ መሆኑን ልጁ በእጁ ሲያገኘው ቅኝት የሚለው ቃል ትርጉም ያገኛል። ትዝታው ላይ 5ን በ4፣ 10ን በ9 ሲተካ ደግሞ ያው ትዝታ ሲያዝን ይሰማዋል። መሰንቆ ወይም ክራር ተጫዋች ስትጋብዙ «ይህቺ ትንሽ ከፍ ትበል» ካለ አትከራከሩት፤ ቱቦው እኩል በተከፈለ ድምፅ የተሠራ ነው፣ የእሱ ጆሮ ግን እንደዚያ አልተቃኘም። ልዩነቱ ራሱ ለትልልቆቹ የሳምንት ሥራ ይሆናቸዋል።

ለእጅ ሥራ ጣና ዳር ካለው ሁሉ የምመርጠው ደንገልን ነው። የግማሽ ሜትር ታንኳ ለመሥራት ደንገሉ ሙሉ በሙሉ መድረቅ አለበት፤ እርጥብ ሳለ የታሰረ እስር ሲደርቅ ግንዱ ስለሚኮማተር ይላላል፣ ልጆቹም «ክሩ መጥፎ ነው» ይላሉ። ደርቆ ከታሰረ በኋላ ይመዘን፤ ከዚያ ሳፋ ውስጥ ተንሳፍፎ በየሰዓቱ እየወጣ ይመዘን። ውኃ ሲጠጣ ስንት ግራም እንደጨመረና ስንት ጠጠር መሸከም እንዳቃተው በሠንጠረዥ ሲያስቀምጡ፣ እውነተኛው ታንኳ ለምን ዳር ወጥቶ እንደሚሰጣ ማንም ሳይነግራቸው ይገባቸዋል። ማስተማሩን በጣና ዳር ከሚኖረው ከነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ለሆነ ታንኳ ሠሪ ስጡት፤ ክፍያውም እንደ እንግሊዝኛ መምህሩ ይሁን።

ሌላው ሐይቁን በልኩ መሥራት ነው። ጣና ርዝመቱ 84፣ ወርዱ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ለአንድ ኪሎ ሜትር ከተያዘ 84 በ66 ሴንቲ ሜትር ካርቶን ላይ ይሰፍራል። ጥልቀቱን በጭቃ እንዲሠሩት ስትጠይቁ እጅ የሚያስገባ ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ከዚያ ያስሉት፦ እጅግ ጥልቅ የሆነው ቦታ 15 ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያው ልክ 0.15 ሚሊ ሜትር። የፎቶ ኮፒ ወረቀት 0.1 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ጣና አንድ ወረቀት ተኩል ነው! ይህን ያየ ልጅ ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ስለሚያመጡት ደለል ራሱ ይጠይቃል።

ጥያቄው ሲመጣ ነው መውጣት ያለባቸው። ከሦስት እስከ አምስት ልጆች፣ አንድ አዋቂ፤ የባጃጁን ሒሳብም ደብዳቤውንም ራሳቸው ያዘጋጁ። ውኃ ውስጥ መግባት ግን ፈጽሞ አይፈቀድም፤ የቢልሃርዚያ እጭ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ ይገባል። ደንገሉ መሃልም ጉማሬ ሊኖር ስለሚችል አይጠጉ። ውኃው ከጀልባ መቆሚያው ላይ በገመድ በታሰረ ባልዲ ይቀዳ፤ አዋቂው ጓንት አድርጎ ወደ ጠርሙስ ይገልብጥና ይክደነው። ሁለት ቀን ሳይነካ ይቁም። ደለሉም እስኪዘቅጥ፣ እጩም እስኪሞት ያው ጊዜ ያስፈልጋል። በሦስተኛው ቀን ልጆቹ የደለሉን ከፍታ ከጠርሙሱ ውጪ በማስመሪያ ይለኩትና ነሐሴ ላይ ከሚቀዳው ውኃ ጋር ለማነጻጸር ቀኑን ይጻፉበት።