«ወታደር ካለኝ ክኒኑ ምን ይሠራል?»

ሐዋሳ ውስጥ የኤአርቲ፣ ማለትም የኤችአይቪ መድኃኒት የሚሰጥበት ክፍል ነርስ ነኝ። አዲስ ሰው ሲመጣ «ምርመራው ያገኘው ፀረ እንግዳ አካልህን ነው፤ የሰውነትህ ወታደር በለው» እያልኩ ለዓመታት አስረድቻለሁ። ምሳሌዋን እወዳት ነበር።

አንድ ባጃጅ ነጂ ሁለት ቀጠሮ ዘሎ መጣ። «ምነው?» ብለው፣ «ሲስተር፣ ወታደር አለህ ብለሽኝ የለ? ወታደር ካለኝ ክኒኑ ምን ይሠራል?» አለኝ። ክው አልኩ። ወታደሩን ነግሬው መሸነፉን አልነገርኩትም።

ማታ ቤቴ ገብቼ የድሮ ማስታወሻዬን ገለጥኩ። ቫይረሱ ጂፒ 120 በሚባለው ፕሮቲኑ ነጭ የደም ሴል ላይ ባለው ሲዲ ፎር የሚባል መያዣ ላይ ይጣበቃል፣ ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ ሲሲአር 5 የሚባለውን ሁለተኛ መያዣ ጨብጦ ሴሉ ውስጥ ይገባል። ፀረ እንግዳ አካል ያንን ፕሮቲን ቀድሞ ቢሸፍነው ሴሉ ይተርፋል። ግን ጂፒ 120 ከኛው ሴል በወሰደው ስኳር ተጀቡኗል፤ እንግዳ አይመስልም። መልኩንም ቶሎ ቶሎ ይቀይራል። ሰውነት የሠራው ፀረ እንግዳ አካል የሚያውቀው ከወራት በፊት የነበረውን ቫይረስ ነው፤ ያኛው ልብሱን ለውጦ ሄዷል።

ይህን እንዳለ ብነግረው ያዛጋብኛል። ሲመለስ «አምባዛ ይዘህ ታውቃለህ?» አልኩት። ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚሸጥበት አሞራ ገደል አካባቢ ያደገ ልጅ ነው፤ ሳቀ። «ከወገቡ ከያዝሽው ሙልጭ ይላል፤ ከጭንቅላቱ ሥር ነው እንጂ!»

«ያንተ ወታደሮች ወገቡን ነው የያዙት።»

ዝም አለ። ከጭንቅላቱ ሥር የሚይዙም አሉ፤ ጥቂት ሰዎች ከዓመታት በኋላ ያመርቷቸዋል። በ2010 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ቪአርሲ 01 የሚባል ፀረ እንግዳ አካል ሲዲ ፎር የሚያርፍበትን ቦታ ነው የሚይዘው። በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣው ጥናት እንደ ግሉኮስ በደም ሥር በጠብታ ሲሰጥ ለሱ የሚበገሩትን ቫይረሶች ተከላክሏል፣ ሌሎቹ ግን አምልጠውታል። «እሺ፣ ክኒኑስ?» አለኝ። ክኒኑ ሴሉ ውስጥ ገብቶ ቫይረሱ እንዳይባዛ ያደርጋል፤ ቆዳውን ቢቀያይርም ግድ የለውም፣ ካልተቋረጠ።

«ወታደር» የምትለዋን ቃል ጣልኳት። ቫይረሱ ላለባቸው እናቶችማ ጭራሽ አትሆንም፤ ሕፃኑ ደም ውስጥ የሚገኘው ፀረ እንግዳ አካል ከእናቱ በእንግዴ ልጅ ያለፈ ነው፣ እስከ 18 ወሩ ሊቆይ ይችላል፤ ሕፃኑ መያዙን አያሳይም። በ6 ሳምንቱ ከተረከዙ ደም ወስደን ራሱን ቫይረሱን የምንፈልገው ለዚህ ነው። አሁን ካስረዳሁ በኋላ «እስቲ መልሰሽ ንገሪኝ» እላለሁ። ባለፈው አንዲቷ ሁሉንም በትክክል ነገረችኝና «ግን ሲስተር፣ አምባዛ ምንድን ነው?» አለች።